ለአሮጌ ዲኤክስ ርካሽ ቱርቦ፦ ጎንደር ላይ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

አራት ሰው የጫነ ዲኤክስ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሰምታችሁት ታውቁ ይሆናል። ሦስተኛ ማርሽ ያቅተዋል፤ ሁለተኛ ሲገባለት ደግሞ ይጮኻል። ከኋላው ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል። ያን ጊዜ ነው ባለመኪናው "ምነው ቱርቦ በኖረው" የሚለው። እኔም ብያለሁ። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚነፋ ዕቃ ነው። የአባቴን ዲኤክስ ይዤ ግቢያችን ውስጥ ሞተር ማውረድ ከጀመርኩ ቆየሁ። አንድ ሞተር ሰብሬያለሁ፣ አንዱን ደግሞ አሳክቻለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። የሚጠይቀኝም ሰው በዝቷል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ "የትኛውን ቱርቦ ልግዛ?" የሚል ነው። እኔ ግን ቱርቦውን መጨረሻ ላይ ነው የምመርጠው። መጀመሪያ መመረጥ ያለበት ቤንዚኑ እንዴት እንደሚለካ ነው።

ምሳሌዬ ዲኤክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ኮሮላ። 4ኬ የሚባለው ሞተሩ 1,290 ሲሲ ነው። ብሎኩ ብረት ነው፣ ከላዩ የሚከደነው ቴስታታ አሉሚኒየም። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ በአምስት ብሮንዚና ላይ ይቀመጣል። ለዕድሜው ጠንካራ ሞተር ነው።

መጀመሪያ ስለ አየሩ

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ባሕር ዳር፣ ማለቴ ጨው ባሕሩ ዳር፣ የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። እዚህ 0.78 ባር አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው 60 የፈረስ ጉልበት የጻፈለት ሞተር እዚህ 47 ቢሰጥ ነው። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ካለቀ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

አሁን ትንሽ እንደምር። 0.25 ባር የሚነፋ ቱርቦ 0.78ን ወደ 1.03 ያደርሰዋል። ይህ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ተራ ዲኤክስ በነጻ የሚያገኘው አየር ነው። ፒስተኑም፣ ቢዬላውም፣ ጓርኒሲዮኑም ሲሠሩ ይህን ግፊት እንዲችሉ ሆነው ነው የተሠሩት። ተራራው የወሰደብንን አስመለስን እንጂ ሞተሩ ላይ አዲስ ሸክም ጫንን አያሰኝም። አንድ ልዩነት ግን አለ። ቱርቦ አየሩን ሲጨምቀው ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ደግሞ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዲፈነዳ ያደርጋል። መካኒኮች "ሞተሩ ያንኳኳል" የሚሉት ይህንን ነው። ፒስተን የሚሰብረውም እሱ ነው።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ቱርቦው ከልኩ በላይ እንዳይነፋ የሚከለክለው ዌስትጌት የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ወደ ቆላ ስትወርዱ የአካባቢው አየር ይጨምራል፤ ዌስትጌቱ ግን ይህን አያውቅም። መተማ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ብቻውን 0.93 ባር ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያ ሞተሬን 0.4 ባር አስነፍቼ፣ ጎንደር ላይ አስተካክዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ መተማ ወረድኩ። እዚህ 1.18 የነበረው እዚያ 1.33 ሆነ፤ ሙቀቱ ተጨመረበት። ገንዳ ውሃ ሳልደርስ ማንኳኳት ጀመረ። ዳገት ላይ ስለነበርኩ እግሬን አላነሳሁም። ሦስተኛው ፒስተን ፋሻው የሚቀመጥበት ጠርዝ ተሰበረ። በአይሱዙ ተጎትቼ ተመለስኩ።

በምን እንመዝን?

የብር ዋጋ ዛሬ ብጽፈው ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ስለዚህ መለኪያዬ "አንድ እድሳት" ነው፤ 4ኬን በደንብ ለማሳደስ፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ጓርኒሲዮንና የቶርኖ ቤት ሥራ ጨምሮ የሚወጣው ገንዘብ። ዋጋውን ከሰፈራችሁ መካኒክ ጠይቁና በቁጥሬ አባዙት። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የማየው ቤንዚኑ በየከፍታው በትክክል ይለካል ወይ የሚለውን ነው። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ይጠጋል፣ መተማ 700 ነው። በአንድ ቀን ሁለቱንም ልንረግጥ እንችላለን። ከዚያ ሙቀት፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ በእጃችን የምንሠራው ምን ያህሉ እንደሆነ፣ ከዚያ መለዋወጫ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ሊብሬ አለ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር የሚቀይር ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ቱርቦ ሳይገባ ማደስ

ይህን አማራጭ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከዚህ እንድትጀምሩ እለምናለሁ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ 10 ከመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላችሁን ፍቱና እዩት። ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ የምታቃጥሉት ገንዘባችሁን ነው። ቤንዚን የምትለካዋን ጂግለር በትንሽ ማሳነስ፣ የካንዴላውን እሳት ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም፣ ባልቦላዎቹን ማስተካከል፣ የማርሚታውን መስመር ማጽዳት። ከታደሰ ሞተር ጋር ይህ ሁሉ ሲሠራ የአዘዞው ዳገት ላይ ልዩነቱ ይሰማል። የጠፋውን ጉልበት ሁሉ አይመልስም። ግን ማንም ፒስተን አይሰበርበትም። ቱርቦ ኋላ ላይ ቢገባም ይህ ሥራ ይቅደም፤ በደከመ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም ሞተሩን መቅበር ነው።

ካርቡራቶሩ ከቱርቦው በፊት

ቱርቦው አየርና ቤንዚኑን ተቀላቅሎ ይስባል። ካርቡራቶሩ ግፊት ስለማያገኘው አይቀየርም፤ የቤንዚን ፖምፓውም እንዳለ ይሠራል። ርካሽ ነው፣ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ያልቃል።

እኔ ግን አልመክረውም። ቤንዚን ያዘለ አየር ረጅም ቧንቧ ይሄዳል። በጎንደር ጠዋት ብርድ ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ ይረጥባል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ያስቸግራል። አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ማስገባት አይቻልም፤ ውስጡ ቤንዚን ይጠራቀምና አንድ ቀን በእሳት ይመልሳል። ደግሞ ጋዝ ስትለቁ ከካርቡራቶሩ በስተኋላ ያለው መስመር ሁሉ አየር አጥቶ ስለሚስብ የቱርቦውን ዘይት ይጎትታል። ይህን የሚችል የካርቦን ማኅተም ያለው ቱርቦ ያስፈልጋል። ከናፍታ መኪና የወረደ ቱርቦ ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም።

ካርቡራቶሩ ከቱርቦው በኋላ

እዚህ ቱርቦው ንጹሕ አየር ይነፋል፣ ካርቡራቶሩ ግፊቱ ውስጥ ይቀመጣል። ኢንተርኩለር መሃል ላይ ይገባል። እኔ ፒስተን የሰበርኩት በዚህ ዓይነት ነው። ስህተቱ ግን የአሠራሩ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ሦስት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛ፣ ካርቡራቶሩ እንዳያስተነፍስ። አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው የስሮትሉ ዘንግ ካለቀ በዚያ በኩል ቤንዚን በግፊት ይረጫል፤ ከታች ደግሞ ትኩስ ቱርቦ አለ። 4ኬ ላይ አየር መግቢያውና ጭስ መውጫው በአንድ ወገን ናቸው፤ ስለዚህ ይህ አደጋ ከሌላ ሞተር ይብሳል። መሃላቸው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ይግባ። ሁለተኛ፣ የቤንዚን ግፊት ከቱርቦው ግፊት ሁልጊዜ በ0.2 ወይም 0.3 ባር መብለጥ አለበት። የተለመደው ፖምፓ አይችለውም፤ የኤሌክትሪክ ፖምፓና ከቱርቦው ጋር አብሮ የሚጨምር መቆጣጠሪያ ይፈለጋል። ሦስተኛ፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ። ውስጡ ባዶ የሆነ የነሐስ ተንሳፋፊ በግፊት ሊጨፈለቅ ይችላል። ያኔ ካርቡራቶሩ በቤንዚን ይጥለቀለቃል።

የካንዴላው እሳት የሚነሳበት ጊዜም ይነካካል። ለእያንዳንዱ 0.07 ባር ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ማዘግየት የተለመደ ልክ ነው። ለ0.25 ባር ከአራት እስከ ሰባት ዲግሪ መሆኑ ነው። እኔ መተማ መንገድ ላይ ምንም አላዘገየሁም ነበር።

ኢንጀክሽን ማስገባትና ቱርቦ መግጠም

አሁን የምነዳው ይህን ነው። ካርቡራቶሩ ይወጣና ቤንዚኑን ኢንጀክተር የሚባሉ መርጫዎች ይረጩታል። የ4ኬው ብሎክና ቴስታታ ባሉበት ይቆያሉ። የአየር መግቢያው ማኒፎልድ ላይ ለአራት ኢንጀክተር ቤት ይበየዳል። ኢንጀክተሩ፣ ስሮትሉና ፖምፓው ከተጋጨ ቪትዝ ወይም ከኋለኛ ኮሮላ ሊወርዱ ይችላሉ። ሁሉንም የሚያዘው በላፕቶፕ የሚስተካከል ኮምፒውተር ነው። ስፒዱዊኖ የሚባለው ንድፉ ለማንም ክፍት ነው፤ መበየድ የለመደ እጅ እቤቱ ሊገጣጥመው ይችላል። ሜጋስኩዊርት የቆየና ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው።

ለእኛ አገር የሚበልጥበት ምክንያት አንድ ዕቃ ነው፤ ማፕ ሴንሰር። ይህ ሴንሰር ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ከምንም ጀምሮ ይለካል። ከአካባቢው አየር ጋር አያወዳድርም። ስለዚህ ደባርቅም ሆናችሁ መተማ ሞተሩ ስንት አየር እንደገባለት ያውቃል፤ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይሰጣል። ግፊቱ ከ1.1 ባር ሲያልፍ እሳቱን አዘግይ፣ ከ1.2 ካለፈ ቤንዚን ቁረጥ ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ሞተሬን የገደለው ስህተት እዚህ ቦታ የለውም።

ከባዱ ነገር ትዕግሥት ነው። የሽቦ ሥራው ብቻ ሦስት ሳምንት ወስዶብኛል። መሬት የሚይዘው ሽቦ ላልቶ አንድ ሙሉ ሳምንት ሞተሩ ሲንተባተብ ቆይቷል። ላፕቶፕ፣ ዋይድባንድ የተባለው የጭስ መለኪያና የሚነዳ ጓደኛ ያስፈልጋል። እየነዳችሁ አትለኩ።

ሞተሩን ጨርሶ መቀየር

ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የወጣ ሞተር ማግኘት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። የስታርሌቱ 4ኢ-ኤፍቲኢ 1,331 ሲሲ ሆኖ 135 የፈረስ ጉልበት አለው። ግን የፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና የተሠራ ሞተር ነው፤ በወርዱ ነው የሚቀመጠው። ዲኤክስ ላይ በርዝመቱ ለማስቀመጥ ካምቢዮ የሚያገናኝ አዳፕተር፣ አዲስ የሞተር መቀመጫ፣ የካርተር (የዘይት ገንዳው) ለውጥ ይጠይቃል። ይህ ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ቶርኖ ቤት መመላለስ አለ። 135 ጉልበት ለዲኤክስ ፍሬንም ለዲፈረንሻልም ብዙ ነው።

መቀየር ግድ ከሆነ 4ኤ ይቀላል። ይህ ሞተር በአንዳንድ አገር በዚሁ ኮሮላ ላይ ከፋብሪካ ይገጠም ነበር። 1,587 ሲሲ ነው። ያለ ቱርቦም ጎንደር ላይ ከ4ኬ በግልጽ ይሻላል።

በሁለቱም ግን ወረቀት ይቀድማል። ሞተሩ የገባበት የጉምሩክ ሰነድ ከሌለው አትግዙት። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና መኪናው ላይ ያለው ካልገጠመ መሸጥም፣ ቦሎ ማውጣትም ፈተና ይሆንባችኋል። ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ምን እንደሚጠየቅ እወቁ።

| አማራጭ | ወጪ (በእድሳት) | ቤንዚን በየከፍታው | ሙቀትና አደጋ | እቤት ይሠራል? | ሊብሬ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማደስ ብቻ | 1 | መካከለኛ | ዝቅተኛ | አብዛኛው | አይነካም |
| ካርቡራቶር ከቱርቦ በፊት | 1.5 | ደካማ | ከፍተኛ | አዎ | አይነካም |
| ካርቡራቶር ከቱርቦ በኋላ | 1.75 | መካከለኛ | መካከለኛ፣ እሳቱ ከዘገየ | አብዛኛው | አይነካም |
| ኢንጀክሽንና ቱርቦ | 2.5–3 | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ፣ በደንብ ከተስተካከለ | አዎ፣ በትዕግሥት | አይነካም |
| ሞተር መቀየር | 3–4 | በጣም ጥሩ | እንደ ሥራው | ጥቂቱ | ይነካል |

ቱርቦው ራሱ

አሁን ወደ ብዙ ሰው ጥያቄ መጣን። ለ1.3 ሊትር ትንሽ ቱርቦ ነው የሚያስፈልገው። ትልቅ ከሆነ ዳገቱን ጨርሳችሁ ነው መንፋት የሚጀምረው።

አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ በብዛት የምታገኙት ከናፍታ ፒክአፕ የወረደውን ነው። የሃይሉክሱ ሲቲ20 ለ2.4 ሊትር ናፍታ የተሠራ ነው፤ ለ4ኬ ትንሽ ይተልቃል፤ ግን በዝቅተኛ ግፊት ያገለግላል። ልብ በሉ፣ የቤንዚን ጭስ ከናፍታ ጭስ በጣም ይሞቃል፤ 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ይዞ መቆየት አይገባም። ከትናንሽ የጃፓን የቤንዚን መኪኖች የወረደ ከተገኘ ይመረጣል። አዲስ የቻይና ኮፒም አለ። እሱ ዕድል ነው፤ ደህና የወጣለት አለ፣ ዘይት ማስተንፈስ ሳምንት ያልፈጀበትም አለ።

አሮጌ ስትገዙ ዘንጉን በጣታችሁ ያዙት። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ ያለ ነው። ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ወይም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ አትውሰዱት። እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ ሻጩ ዘይቱን ጠርጎ አሳይቶኛል። የተጠረገ ቱርቦ ያጠራጥራችሁ።

የጭስ ማኒፎልዱን ሥራ በርና መስኮት ለሚበይድ ሰው ስትሰጡ ቱቦላሬ እንዳይጠቀም ንገሩት። ቀይ ሆኖ ይሰነጠቃል። በብሎን የሚታሰረው ጠርዝ፣ ፍላንጁ፣ 10 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ቧንቧው 3 ሚሊሜትር ውፍረት ይሁን። የውሃ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ፈጽሞ አይበየድ፤ የዚንኩ ጭስ መርዝ ነው። የዘይት መመለሻው ሰፊ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይውረድ፤ ካርተሩ ላይ ከዘይቱ ከፍታ በላይ ይግባ። ይህ ከጠበበ ጥሩው ቱርቦም ያጨሳል። የአየር ፊልትሮም በበጋው አቧራ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ይታይ።

ለማን የትኛው?

ገንዘባችሁ ለአንድ እድሳት ብቻ ከበቃ አድሱት፣ ለከፍታው አስተካክሉት፣ ንዱት። ቤተሰብ የምትጭኑበት ብቸኛ መኪናችሁ ከሆነም እንደዚሁ፤ መኪናው ለወራት ክሪክ ላይ ቆሞ መቅረቱን ማሰብ አለባችሁ።

ለሁለት እድሳት የሚጠጋ ካላችሁና ከከተማ ብዙ የማትርቁ ከሆነ ካርቡራቶሩን ከቱርቦ በኋላ አድርጉ፤ 0.25 ባር አትለፉ። ዋይድባንድ መግዣ ካጣችሁ ቱርቦውን አቆዩት። ሲነፋ መለኪያው ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12 ኪሎ አየር ማንበብ አለበት፤ ይህን ሳታዩ መንዳት ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው።

ደባርቅም መተማም የምትመላለሱ ከሆነ ኢንጀክሽኑ ይሻላችኋል፤ ገንዘቡን በአንድ ዓመት ከፋፍሉት። መጀመሪያ ያለ ቱርቦ ኢንጀክሽን ይሁን። ሲረጋጋ ቱርቦው ይጨመር። እኔ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ሞተራችሁ ከሞተና ወረቀት ያለው 4ኤ ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ውሰዱ፤ ቱርቦውን እርሱት።

ቮልስ ያላችሁም ጠይቃችሁኛል። ቮልስ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። የሳሳው የጎንደር አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ሳይገባ እዚያ ላይ ቱርቦ አላስገባም።

አዘዞ ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ ጋሼ የምለው፣ ቱርቦ የገባለትን መኪናዬን ላሳየው ስወስድለት ኮፈኑን አላስከፈተኝም። "ልጄ፣ ፍሬኑን አሳየኝ" አለኝ። የኋላውን ሸራ አልቀየርኩም ነበር። ቁልፉን ተቀብሎኝ በባጃጅ ላከኝ። ልክ ነበር። ሸራውን፣ የፍሬን ዘይቱንና ጎማውን ከቱርቦው በፊት ቀይሩ። እሳት ማጥፊያም ከወንበሩ ሥር ይኑር።

ሥራው ሲያልቅ የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ሳታስነፉ ንዱ። ከዚያ በ0.15 ባር ጀምሩ። የጎንደሩን የጎሃ ኮረብታ ውጡና ላይ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ ካንዴላዎቹን ፍቱ። ፈካ ያለ ቡና መልክ ካላቸው 0.05 ጨምሩ። ነጭ ከሆኑ ወይም ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ካያችሁ ቀንሱ፤ ያ ነጠብጣብ ከፒስተኑ የመጣ ነው። መተማ ለመውረድ ካሰባችሁ ደግሞ በዋዜማው ማታ ዌስትጌቱን ወደ ዝቅተኛው ልክ መልሱት።